የአጎቴ ካሜራ ይቆረጥ ወይ?

በዚህ ሳምንት ግጥም ይዤ አልመጣሁም። ሦስት ስንኝ ጽፌ አራተኛው እምቢ ቢለኝ፣ ነገሩን በስድ ንባብ ልንገራችሁ ብዬ ተነሣሁ። ጉዳዩ አንድ አሮጌ ካሜራን በመጋዝ የመቁረጥና ያለመቁረጥ ጉዳይ ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ እኔን ግን ከእናቴ ጋር ሁለት ወር ሙሉ አከራክሮኛል።

እንጀራዬን የማገኘው ከባንክ ነው። እንጅባራ ላይ ከመስኮት ኋላ ከተቀመጥሁ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። አሁን የፋይዳ መታወቂያ ሥራውን እየተረከበው ነው እንጂ፣ በእነዚያ ዓመታት ሒሳብ ሊከፍት የሚመጣ ሰው ሁሉ ጉርድ ፎቶግራፍ ይዞ ይመጣ ነበር። ከጃዊ ሰሊጥ ሸጦ የመጣውም፣ ከፋግታ ለኮማ ከሰል ጭኖ የመጣውም፣ ፎቶውን ከመሐረብ ፈትቶ ወይም ከመታወቂያው ልባስ አውጥቶ በመስኮቱ ሥር ያሳልፍልኛል። እኔም በሙጫ ለጥፌ፣ ማኅተም ግማሹን በፊቱ ግማሹን በወረቀቱ ላይ አሳርፌ አስቀምጠዋለሁ። አንድ ቀን ከአንከሻ የመጡ አንዲት እናት ፎቷቸውን ከሰጡኝ በኋላ አልሄድ አሉ።

«ልጄ፣ ይህቺ ትመለስልኛለች?»

«አይ እናቴ፣ እዚሁ ከማኅደርዎ ጋር ትቀመጣለች።»

«እንግዲያ ለእኔ ምን ቀረኝ?» አሉኝ። የሒሳብ ደብተራቸውን ሰጠኋቸው። ተቀብለውኝ ሄዱ፤ ጥያቄያቸው ግን አልሄደም።

ወደ ካሜራው ልመለስ። ካሜራው የአጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ ነበረ። ከእ.ኤ.አ. 1962 ጀምሮ ፒስ ኮር የሚባሉት አሜሪካውያን አስተማሪዎች በአገራችን ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ከእነዚያ አንዱ በ1965 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ዳንግላ ላይ ወዳጁ ለነበረው ለአጎቴ ካሜራውን ከጥቂት የፊልም ጥቅል ጋር ሰጠው። ፖላሮይድ 110ኤ ይባላል። ሲዘጋ እንደ ጡብ የሚከብድ ሳጥን ነው፤ ሲከፈት አኮርዲዮን የመሰለ ሆዱ ተስቦ ይወጣል። ፊቱ ላይ ያለው ሌንስ የጀርመኑ የሮደንስቶክ ሥራ፣ ባለ 127 ሚሊ ሜትር ኢሳሬክስ ነው። አጎቴ ይህን ሌንስ በነጠላው ጫፍ እየወለወለ እስከ ዕለተ ሞቱ ጠብቆታል። ዛሬም ጭረት የለበትም።

ፖላሮይድ ወዲያው ፎቶ የሚሰጠው ካሜራ ነው። ኤድዊን ላንድ የተባለው አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው እ.ኤ.አ. በ1943 ለዕረፍት በሄደበት ትንሽ ልጁን ፎቶ ቢያነሣት፣ ፎቶውን አሁኑኑ ለምን እንደማታየው ጠየቀችው ይባላል። የልጅ ጥያቄ ንቆ አላለፈውም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1948 የመጀመሪያው ካሜራ ቦስተን ከተማ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በካሜራው ውስጥ ሁለት ጥቅል አለ፤ አንዱ ብርሃን የሚቀበለው ኔጋቲቭ ነው፣ ሌላው ምስሉ የሚያርፍበት ወረቀት። ፎቶ ከተነሣ በኋላ ከውጭ ያለው የወረቀት ጫፍ ሲሳብ፣ ሁለቱ ተጣብቀው በብረት መዳመጫዎች መካከል ያልፋሉ፤ በትንሽ ከረጢት የታሸገው መድኃኒት ይፈነዳና በመካከላቸው ይዘረጋል። አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ከዚያ የኋላው በር ተከፍቶ ፎቶው ተልጦ ይወጣል። ኔጋቲቩ ተቀድዶ ይጣላል።

በብርድ መድኃኒቱ ይሰንፋል። የእኛን አገር ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አጎቴ በክረምት ፎቶ ሲያነሣ ካሜራውን ጋቢው ውስጥ አቅፎ፣ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ይቆም ነበር አሉ፤ ተነሺውም ልጆቹም አብረው ይቆጥሩ ነበር። ፎቶው ከወጣ በኋላ ደግሞ አንድ ሥራ ይቀራል። ጥቁርና ነጩ ፎቶ ከፊልሙ ጋር በሚመጣ ፈሳሽ በተነከረ መጥረጊያ መቀባት አለበት፤ ያልተቀባው እያደር ይነጣል።

አባቴን በዚያው ዓመት፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ዳንግላ ገበያ ዳር አነሣው። አባቴ የሞተው እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ከዚያ ፎቶ በቀር የወጣትነት መልኩን የሚያሳይ ነገር በቤታችን የለም። አጎቴ ሲቀባ መጥረጊያው አንድ ቦታ ዘልሏል። ከግራ ዓይኑ ተነሥቶ እስከ አገጩ የሚወርድ ነጭ መሥመር አለ፤ በየዓመቱም ይሰፋል። ልጅ ሳለሁ እንባ ይመስለኝ ነበር። አሁን ጉንጩን ወስዶ ወደ አፉ ተጠግቷል። ኔጋቲቭ ቢኖረን ኖሮ ሌላ እናሳትም ነበር። ኔጋቲቩ ግን ያን ቀን ገበያው መሬት ላይ ቀርቷል፤ በቅሎም ረግጦት ይሆናል።

«በስልክህ አታነሣውም?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አንሥቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ስልክ ቀይሬያለሁ፤ አንዱ ተሰብሮ፣ አንዱ ተሰርቆ። ቀጥሎ የማነሣው ነገር ከስልክ ጋር ጠብ ስላለኝ እንዳልሆነ ግን አስቀድሜ ልናገር።

ለዚህ ካሜራ የሚሆነው ጥቅል ፊልም መሠራቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ቆሟል። ፖላሮይድ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2008 ፈጣን ፊልም መሥራት እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በተመሳሳይ መንገድ ተልጦ የሚወጣውን ፊልም ትሠራ የነበረችው ፉጂም በ2016 የመጨረሻውን አቆመች። በሌላው ዓለም ግን እጃቸው የሚሠራ ሰዎች ለእነዚህ አሮጌ ካሜራዎች መላ ካገኙላቸው ቆይተዋል። የካሜራውን ጀርባ ይቆርጡታል። ሁለቱ ጥቅሎች ይቀመጡባቸው የነበሩትን የግራና የቀኝ ጎኖች በመጋዝ ያነሡና፣ በቦታው አራት በአምስት ኢንች የሆነ ቅጠል ፊልም የሚይዝ ጀርባ ይገጥሙበታል። ከዚያ በኋላ ያ ካሜራ ፈጣን መሆኑ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ፎቶ አንድ ቅጠል ፊልም በጨለማ ይጎርሳል፤ ፊልሙ በጨለማ ይታጠባል፤ ፎቶው በማግስቱ ወይም በሳምንቱ ይታተማል።

ትርፉ ምንድን ነው? ትልቅ ኔጋቲቭ። ሁላችንም የምናውቀው የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንዱ ምስል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው፤ አራት በአምስት ኢንች የሆነው በስፋት አሥራ አምስት እጥፍ ይሆናል። የጋቢው ጥለት ክር በክር፣ የፈረሱ ጋማ ፀጉር በፀጉር ይታይበታል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ይህን ኔጋቲቭ ለማሳተም ማጉያ መሣሪያ አያስፈልግም። በፎቶ ወረቀት ላይ አንጥፎ፣ መስታወት ጭኖ፣ ለጥቂት ሰከንድ አምፖል ማብራት ይበቃል። መብራት በየሰዓቱ በሚሄድበት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሥራው በእንጅባራ አቅም የሚሞከር ነው ብዬ አምናለሁ። ጀርባውን ጥሩ አናጢ በእንጨት ይሠራዋል። ምስሉ ተገልብጦ የሚታይበትን ደብዛዛ መስታወት፣ ተራ መስታወት በማለስለሻ ዱቄት በመፈግፈግ እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ ሁለቱን ሰብሬ በሦስተኛው ተሳካልኝ። የፊልም መያዣውን ውጭ አገር ያለ የክፍል ጓደኛዬ ላከልኝ፤ መንገዱም ኢንተርኔቱም እንደ ልብ ባልሆኑባቸው ወራት ስለሆነ ከአዲስ አበባ እዚህ እስኪደርስ የወሰደው ጊዜ ከባሕር ማዶ አዲስ አበባ ከወሰደው ይበልጣል። አስቸጋሪው ልኬቱ ነው። ፊልሙ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ፣ በቅርብ የተነሣ ፊት ዓይኑ ደብዝዞ ጆሮው ይጠራል። ስለዚህ ሌንሱ በሐዲዱ ላይ እንደገና ይለካል፤ ርቀት የሚለካው መስኮትም ከእርሱ ጋር ይስተካከላል። ኢሳሬክስ ሌንስ የተሠራው አነስ ላለው የፖላሮይድ ምስል ስለሆነ አራት በአምስቱን የሚሸፍነው ጠርዝ ለጠርዝ፣ ለጥቂት ነው።

ፊልሙስ? ብዙዎች የራጅ ፊልም ቆርጠው ይጠቀማሉ፤ ርካሽ ነው፣ በደብዛዛ ቀይ መብራትም ይቆረጣል። ነገር ግን ጉዳት አለው። የራጅ ፊልም ቀይ ብርሃን አያይም። የእኛ ቆዳ ደግሞ ከቡናማነቱ ጋር ቀላ ያለ ነው፤ ስለዚህ ፊታችን በዚያ ፊልም ላይ ከመጠኑ በላይ ይጠቁራል፤ ዓይንና ጥርስ ብቻ ጎልተው ይወጣሉ። ብርሃኑን መጨመር፣ ተነሺውን ከፀሐይ አውጥቶ ከጥላ ዳር ማቆም ያሻል። ይህን ያህል ካወራሁ ባለሙያ መስዬ ይሆናል፤ ያነበብኩትን ነው የምነግራችሁ፤ እስካሁን አንድም ፎቶ አላነሣሁም።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ተቃውሞ የመጣው ከእናቴ ነው። «የሞተ ሰው ዕቃ በመጋዝ አይቆረጥም» አለችኝ። በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ቅሬታ የሚያሰሙ አሉ፤ ዳግም የማይሠራ ካሜራ መቁረጥ ቅርስ ማጥፋት ነው ይላሉ። ይህን ቅሬታ ከአክብሮት ጋር ነው የማልቀበለው። አጎቴ ካሜራውን የወለወለው ሊያይበት ነበር። ከአልጋ ሥር በሣጥን ውስጥ ሃምሳ ዓመት ሊያስቀምጠው አስቦ እንደ ነበር የነገረኝ የለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከራሴ ነው፤ ከባዱም እርሱ ነው። በአገራችን ትልቁ ኔጋቲቭ አስቀድሞ የነበረው በቤተ መንግሥት ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዐፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው ከእርሱ በኋላ ነገሥታቱን አነሡ። የዚያን ዘመን ነገሥታትና መሳፍንት ዛሬ ስናይ የካባቸውን ወርቅ ፈትል እንቆጥራለን፤ ምክንያቱም ኔጋቲቩ ሰፊ ነበር፣ ተጠብቆም ቆይቷል። ወደ እኛ ስንመጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ድረስ ቺዝማን የተባለ የእንግሊዝ ቆንስል ዳንግላ ላይ ተቀምጦ ነበር። ጣናንና ዓባይን ዞሮ አጥንቶ በ1936 ለንደን ላይ መጽሐፍ አሳተመ፤ ፎቶግራፎችም አሉበት። የአያቶቻችንን አገር የምናይበት መጽሐፍ ነውና አመሰግነዋለሁ። ግን ኔጋቲቩ ከቆንስሉ ጋር ባሕር ተሻገረ፤ የተነሣው ሰው ወደ እርሻው ተመለሰ።

አጎቴ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ገበያ ዳር ያቆመው ሰው ፎቶውን በእጁ ይዞ ሄደ፤ ለአጎቴ የቀረለት የለም። በየከተማው በሦስት እግር ላይ ይቆም የነበረውን የእንጨት ሣጥን ካሜራ የምታስታውሱ፣ እርሱም እንደዚያው ነበር። ፎቶ አንሺው እጁን በእጅጌ አስገብቶ በሣጥኑ ውስጥ ወረቀቱን ያጥባል፤ የወረቀቱን ኔጋቲቭ ከሌንሱ ፊት ሰክቶ መልሶ ያነሣዋል፤ ተነሺው እርጥቡን ፎቶ እያራገፈ ይሄዳል። ድሃው ከፎቶግራፍ ድርሻውን ያገኘው በእነዚህ በፈጣኖቹ ነው። እና እኔ ፈጣኑን ካሜራ ቆርጬ ዘገምተኛ ሳደርገው፣ «ፎቶህን በሳምንቱ ና ውሰድ» የምል፣ ኔጋቲቩን በካዝናዬ የምቆልፍ ሰው ልሆን ነው ማለት አይደለም? የአንከሻዋን እናት መስኮት ራሴ ገበያው መሐል ልተክለው?

ይህ ሐሳብ ብዙ ሌሊት እንቅልፍ ነሥቶኛል። አንድ ጊዜ ሐሳቤን ሰርዤ መጋዙን ለአናጢው መልሼለት ነበር።

የመለሰኝ ጥር 23 ነው። በዚያ ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሲሰበሰቡ ያየ ሰው ያውቀዋል። ፈረሱ በጥለት አጊጦ፣ ሽማግሌው ጎፈር ደፍተው፣ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ሁሉም ሰው ስልኩን ወደ ላይ ያነሣል። እኔም አነሣሁ። ከጎኔ የቆሙ አንድ አዛውንት ፈረሰኛ፣ ፈረሳቸውን ሊያሳርፉ ወርደው ልጓሙን ይዘው፣ የሚያነሷቸውን ሰዎች በየተራ ይመለከታሉ። «ስንት ሰው አነሣዎት አባቴ?» ብላቸው «ልጄ፣ ዘንድሮ ብቻ አልቆጥረውም» አሉኝ። «ቤትዎ ፎቶ አለዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁና የመታወቂያቸውን ጉርድ አሳዩኝ።

እኚህ ሰው ካባ እንደ ለበሰ መስፍን በሰፊ ኔጋቲቭ ላይ መቀመጥ ይገባቸዋል፤ ፎቶውም ከግድግዳቸው ላይ መሰቀል ይገባዋል። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መተው ግዴታ ሆኖ የቆየው በመሣሪያው ጠባይ ነው። ፈጣኑ ካሜራ ለተነሺው ሰጥቶ ለትውልድ አያስቀርም፤ ዘገምተኛው አስቀርቶ ለተነሺው አይሰጥም። የተቆረጠው ካሜራ ግን ሁለቱንም ሊያደርግ ይችላል፤ አንሺው ከፈቀደ። ፖላሮይድ ራሱ ይህን ሞክሮት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው ዓይነት 55 የተባለው ቅጠል ፊልም ፎቶውንም፣ ታጥቦ የሚቀመጥ ኔጋቲቭም አንድ ላይ ይሰጥ ነበር፤ ከኩባንያው ሌሎች ፊልሞች ጋር ቀረ እንጂ። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ሎሞግራፊ የተባለው ድርጅት በአራት በአምስት ካሜራ ጀርባ ላይ የሚገጠም፣ በፉጂ ፈጣን ፊልም የሚሠራ ዕቃ አውጥቷል። እርሱን መግዛት ለእኔ ደመወዝ ቀልድ ነው። ለእኔ የሚቻለኝ ኔጋቲቩን ማታ አጥቦ፣ በመስታወት ሥር አትሞ፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ፎቶውን ለባለቤቱ ማድረስ ነው። የሩቁን ቀበሌ ሰው አድራሻ መጻፍ ለባንክ ሠራተኛ አዲስ ሥራ አይሆንበትም።

ስለዚህ አቋሜ ይህ ነው፦ ይቆረጥ። ሌሎችም በየሣጥናቸው እንዲህ ያለ ካሜራ ያላቸው ካሉ፣ ሌንሱ ደኅና ከሆነ፣ ይቁረጡት። ግን ለተነሺው የማያደርስ ሰው መጋዙን ባያነሣ ይሻላል፤ ስልኩ ይበቃዋል።

ይህንኑ ለእናቴ ዳንግላ ሄጄ ነገርኋት። ቡና እያፈላች ስለ ነበር ቶሎ አልመለሰችልኝም። ሁለተኛውን ስትቀዳ፣ «መጀመሪያ የምታነሣው ማንን ነው?» አለችኝ።

«አንቺን።»

«ፎቶው ለእኔ ነው ለአንተ?»

«ላንቺ። ኔጋቲቩ ለእኔ ይቀራል።»

አሰበችበት። «የአባትህንም በዚያ አንሣው» አለች፤ «ዓይኑ ሳይጠፋ።» ስለ መጋዙ ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

ካሜራው አሁን እንጅባራ አናጢው ጠረጴዛ ላይ ነው። በጀርባው ላይ መጋዙ የሚያልፍበትን መሥመር በእርሳስ አስምሮበታል፤ ሁለት ጊዜ ለካ፣ እኔ ሦስተኛ ለካሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ከሥራ ስወጣ እንቆርጠዋለን። ቸር እንሰንብት።